የሲሊኮን ዘይት በዓይናቸው ውስጥ ለተቀመጠ ሠራተኞች፦ የሕክምናው ክትትልና የሥራ ውሉ ጊዜ



ከግራይንደር ወይም ከመዶሻ በሚፈናጠር የብረት ስባሪ፣ በምት ወይም በመውደቅ፣ በቆየ የስኳር ሕመም አልያም በርቀት ያለውን ለማየት በሚያግድ ከባድ የዕይታ ችግር ምክንያት የዓይን ሬቲና ከቦታው ሊላቀቅ ይችላል። እንዲህ ያለው ጉዳት የደረሰባቸው ብዙ ሠራተኞች ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው፣ ዓይናቸው ውስጥ የሲሊኮን ዘይት ተሞልቶ ከሆስፒታል ይወጣሉ። «ቀዶ ሕክምናው በጥሩ ሁኔታ ተጠናቋል» የሚለውን ቃል ሲሰሙም ሕክምናው ያበቃ ይመስላቸዋል።

ይሁን እንጂ ዘይቱ በዓይን ውስጥ እስካለ ድረስ ሕክምናው አላለቀም። አብዛኛውን ጊዜ ዘይቱ ከጥቂት ወራት በኋላ በሁለተኛ ቀዶ ሕክምና መውጣት ይኖርበታል፤ እስከዚያው ድረስም ዓይኑ በየጊዜው መመርመር አለበት። የሠራተኛው የሥራ ውል፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ወይም የጤና መድኑ የሚያበቃው ግን በእነዚሁ ወራት መካከል ሊሆን ይችላል። ሁለቱ የጊዜ ሰሌዳዎች ካልተጣጣሙ በቀዶ ሕክምና የዳነ ዓይን በክትትል ማነስ ሊጠፋ ይችላል። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ሠራተኛው ከሕክምናውም ሆነ ከመብቱ አንጻር ማወቅ የሚገባውን በአንድነት ለማቅረብ ነው።

1. ዘይቱ ምንድን ነው? ለምንስ ይሞላል?

ሬቲና በዓይን ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ፣ ብርሃንን ተቀብሎ ወደ አንጎል የሚያስተላልፍ ስስ ሽፋን ነው። ሲቀደድ ፈሳሽ ከሥሩ ይገባና ከግድግዳው ያላቅቀዋል። የተላቀቀው ክፍል ምግብና አየር በሚገባ ስለማያገኝ ቶሎ ካልተመለሰ ዕይታው ይሞታል። ሐኪሙ በዓይን መሐል ያለውን ዝልግልግ ፈሳሽ አውጥቶ፣ ሬቲናውን ወደ ቦታው መልሶ፣ ቀዳዳውን በሌዘር ከዘጋ በኋላ ቁስሉ እስኪጠግግ ሬቲናውን ደግፎ የሚይዝ ነገር ያስፈልገዋል። ለዚህ የሚያገለግሉት ጋዝ ወይም የሲሊኮን ዘይት ናቸው።

የሲሊኮን ዘይት ለዚህ ሕክምና መዋል የጀመረው በ1962 እ.ኤ.አ. ፖል ሲቢስ በተባሉ ሐኪም አማካይነት በአሜሪካ ነው። ዘይቱ ጥርት ያለ፣ ከውኃ ጥቂት የሚቀል፣ ሰውነት የማይመጠው ፈሳሽ ነው። ጋዝ በራሱ ጊዜ ከዓይን ይጠፋል፤ ዘይት ግን በሐኪም እጅ ካልወጣ አይወጣም። በመሆኑም ዘይት የሚመረጠው ጉዳቱ ከባድ ሲሆን፣ ሬቲናው ጠባሳ ሲያወጣ ወይም ረዘም ያለ ድጋፍ ሲያስፈልገው ነው።

ዘይቱ ብርሃን የሚሰበርበትን ሁኔታ ስለሚለውጥ፣ ዓይኑ ዘይት ባለበት ጊዜ ዕይታው ብዥ ማለቱ የሚጠበቅ ነው። ይህ ብዥታ ብቻውን የሕክምናውን መክሸፍ አያመለክትም። ዘይቱ ሳይወጣ ቋሚ መነጽር ለመግዛት መቸኮልም አይገባም፤ ዘይቱ ሲወጣ የመነጽሩ ልክ ይለወጣልና።

2. በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚደረግ ጥንቃቄ

ዘይቱ ከውኃ ስለሚቀል በዓይን ውስጥ ምንጊዜም ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ሐኪሙ በግንባር እንዲደፉ ወይም በአንድ ጎን እንዲተኙ የሚያዝዘው ዘይቱ የተቀደደውን ቦታ እንዲደግፍ ነው። ትእዛዙ ለስንት ሰዓትና ለስንት ቀን እንደሆነ በጽሑፍ መቀበል ይገባል። ሐኪሙ ካልፈቀደ በስተቀር በጀርባ መተኛት መወገድ አለበት፤ በተለይ የተፈጥሮ ሌንሱ በወጣለት ዓይን ዘይቱ ወደ ፊት መጥቶ የዓይን ፈሳሽ የሚፈስበትን መንገድ ሊዘጋ ይችላል።

የታዘዙ ጠብታዎችን በሰዓታቸው መጠቀም፣ ዓይንን አለማሸት፣ ከአቧራና ካልጸዳ ውኃ መጠበቅ ያስፈልጋል። ቁስልን ለማብረድ ከሚታዘዙት ጠብታዎች አንዳንዶቹ ስቴሮይድ የሚባሉ ሲሆኑ፣ በአንዳንድ ሰዎች ላይ የዓይን ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ። ስለዚህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማቋረጥም ሆነ ከፋርማሲ እየገዙ ማራዘም ጉዳት አለው።

በአንድ ዓይን ብቻ የሚያይ ሰው ርቀትንና ጥልቀትን በትክክል ለመለካት ይቸገራል። በመሰላል ወይም በከፍታ ላይ መሥራት፣ ማሽን ማንቀሳቀስና መኪና መንዳት ሐኪሙ በጽሑፍ እስኪፈቅድ መቆም አለባቸው። ሠራተኛው ይህን ገደብ የሚገልጽ ማስረጃ ከሐኪሙ ጠይቆ ለአሠሪው ማቅረብ ይችላል።

3. ሊከተሉ የሚችሉ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

የዓይን ግፊት መጨመር። ከሁሉም በላይ መጠንቀቅ የሚገባው ከዚህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግፊቱ የሚጨምረው ዘይቱ ከመጠን በላይ በመሞላቱ፣ ወደ ዓይን ብሌን በመምጣቱ ወይም በቁስሉ ብግነት ሊሆን ይችላል። ከወራት በኋላ ደግሞ ጥቃቅን የዘይት ነጠብጣቦች የፈሳሽ መውጫውን በመድፈናቸው ይከሰታል። ግፊቱ በድንገት ሲጨምር ከባድ ሕመም፣ መቅላት፣ ራስ ምታትና ማስመለስ ያስከትላል። ቀስ በቀስ ሲጨምር ግን ሕመም የለውም፤ ሠራተኛው ሳያውቀው የዕይታ ነርቭ ይጎዳል፤ የተጎዳው ነርቭም አይመለስም። ሕመም ባይኖርም ቀጠሮ መቅረት የሌለበት በዚህ ምክንያት ነው። ሕክምናው ከጠብታና ከኪኒን ይጀምራል፤ ካልበቃ ሌዘር፣ ከዘይቱ ጥቂቱን መቀነስ ወይም ሙሉ በሙሉ ማውጣት፣ አንዳንዴም ፈሳሹን የሚያስወጣ ትንሽ ቱቦ መትከል ይከተላል።

የዘይቱ መበታተን። ዘይቱ ሲቆይ ወደ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይከፋፈላል። ነጠብጣቦቹ በዓይን ፊት ለፊት ከላይ በኩል እንደ ነጭ መስመር ሆነው ሊታዩ ይችላሉ። የመበታተን ዕድል ዘይቱ በቆየ ቁጥር ስለሚጨምር፣ ሐኪሙ በመረመረ ጊዜ ካየው ዘይቱን የማውጣቱን ጊዜ ሊያቀርበው ይችላል።

የዓይን ሞራ። የተፈጥሮ ሌንሱ ባለበት ዓይን ዘይቱ ሲቆይ ሞራ መውጣቱ በጣም የተለመደ ነው። ሞራው በቀዶ ሕክምና ይወገዳል፤ ብዙ ጊዜም ዘይቱ በሚወጣበት ዕለት አብሮ ይሠራል። የሚተካው ሌንስ ልክ በሚለካበት ጊዜ ማሽኑ ዓይኑ ዘይት እንዳለው ተነግሮት መስተካከል አለበት፤ አለዚያ ልኩ ይሳሳታል። ስለሆነም ሌላ ሐኪም ዘንድ የሚሄድ ሰው ዘይት እንዳለው አስቀድሞ መናገር ይገባዋል።

የኮርኒያ መጎዳት። ኮርኒያ በዓይን ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን ነው። ዘይቱ ወደ ፊት መጥቶ ለረጅም ጊዜ ከነካው ይደበዝዛል፤ የካልሲየም ክምችትም በላዩ ላይ ሊፈጠር ይችላል። መፍትሔው ዘይቱን ከዚያ ማራቅ ነው። ክምችቱ በመድኃኒት ተጠርጎ ሊነሣ ይችላል፤ ጉዳቱ ከጸና ግን የኮርኒያ ንቅለ ተከላ እስከ መጠየቅ ይደርሳል።

ሬቲናው እንደገና መላቀቅ። ዘይቱ ባለበትም ሆነ ከወጣ በኋላ ሊከሰት ይችላል። ምልክቱ በዕይታ ጥግ እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ፣ የብልጭታ መብዛት ወይም የዕይታ ድንገተኛ መቀነስ ነው።

የሚከተሉት ምልክቶች ከታዩ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ዕለት ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል፦
- በመድኃኒት የማይታገሥ የዓይን ሕመም፣ በተለይ ከማስመለስ ጋር፤
- የዕይታ ድንገተኛ መቀነስ ወይም እንደ መጋረጃ ያለ ጥላ፤
- የዓይን መቅላት እየባሰ መሄድ፣ መግል የመሰለ ፈሳሽ፤
- በመብራት ዙሪያ ቀስተ ደመና የመሰለ ክብ መታየት።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። የሲሊኮን ዘይት በጭንቅላት ሲቲ ስካን ላይ ደማቅ ሆኖ ስለሚታይ፣ ጉዳዩን የማያውቅ ሐኪም ደም ፈሷል ብሎ ሊያስብ ይችላል። በማንኛውም ምክንያት የጭንቅላት ምርመራ ሲደረግ ዓይን ውስጥ ዘይት መኖሩን ማሳወቅ ይገባል።

4. ዘይቱ መቼ ይወጣል?

ሬቲናው በቦታው ከጸና ዘይቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይወጣል። ቀኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ቶሎ ማውጣት ሬቲናው እንደገና እንዲላቀቅ ያጋልጣል፤ ማዘግየት ደግሞ ከላይ የተዘረዘሩትን ችግሮች ያበዛል። ዘይቱ ሲወጣ ዓይናቸው ሊሟሽሽ ወይም ሬቲናቸው ሊላቀቅ የሚችል አንዳንድ ሕሙማን ዘይቱ በቋሚነት እንዲቀመጥ ይደረጋል፤ እነርሱም ቢሆኑ ክትትላቸው አይቋረጥም።

ስለዚህ ከሆስፒታል በሚወጡበት ዕለት አንድ ጥያቄ ሳይጠይቁ አይውጡ፦ «ዘይቱ የሚወጣው በየትኛው ወር ነው ተብሎ ይገመታል?» መልሱንም በሕክምና ማጠቃለያው ላይ እንዲጻፍ ያድርጉ። ከዚያም ያን ወር የሥራ ውላችሁ፣ ኢቃማችሁና የጤና መድናችሁ ከሚያበቁበት ቀን ጋር አስተያዩ።

5. ከአውሮፕላን ጉዞ በፊት፦ ዘይት ነው ወይስ ጋዝ?

ብዙ ሠራተኞች ዓይናቸው ውስጥ የተሞላው ዘይት ይሁን ጋዝ ለይተው አያውቁም። ልዩነቱ ግን ለዓይን የሞትና የሕይወት ያህል ነው። የሲሊኮን ዘይት በከፍታ ላይ አይለጠጥም፤ ስለዚህ ሐኪሙ ሌላ ምክንያት ካላየ በዘይት መብረር ይቻላል። ጋዝ ግን የአየር ግፊት ሲቀንስ ይለጠጣል። በዚህም የዓይን ግፊትን አንሮ የዓይንን የደም ዝውውር ሊያቋርጥና ዕይታን በሰዓታት ውስጥ ሊያጠፋ ይችላል።

ወደ አገር ቤት ለሚመለስ ሰው አደጋው በበረራው ብቻ አያበቃም። ጂዳ ከባሕር ጠለል አጠገብ ስትሆን አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ይህም በበረራ ወቅት በአውሮፕላን ውስጥ ከሚኖረው የአየር ግፊት ጋር የሚቀራረብ ነው። ጋዝ ያለው ዓይን አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላም ከአደጋው አይወጣም። እንደ ጋዙ ዓይነት ከሁለት ሳምንት እስከ ሁለት ወር ገደማ ሊቆይ ስለሚችል፣ ሐኪሙ ጋዙ ሙሉ በሙሉ መጥፋቱን በጽሑፍ ሳያረጋግጥ ማንም ሠራተኛ ትኬት ተቆርጦልኛል ብሎ መሳፈር የለበትም። አሠሪው ቢያስገድድ ወዲያውኑ ለኤምባሲው የሠራተኛ ጉዳይ ክፍል ማሳወቅ ይገባል።

6. የሕመም ፈቃድና ደመወዝ

በሳዑዲ ዓረቢያ የሥራ ሕግ አንቀጽ 117 መሠረት፣ ሕመሙ በሕክምና ማስረጃ የተረጋገጠ ሠራተኛ በአንድ ዓመት ውስጥ፦
- የመጀመሪያዎቹን 30 ቀናት በሙሉ ደመወዝ፣
- ቀጣዮቹን 60 ቀናት በሦስት አራተኛ ደመወዝ፣
- ከዚያ የሚቀጥሉትን 30 ቀናት ያለ ደመወዝ
የሕመም ፈቃድ የማግኘት መብት አለው። ዓመቱ የሚቆጠረው የመጀመሪያው የሕመም ፈቃድ ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ ነው፤ ቀናቱም ተከታታይ ወይም የተቆራረጡ ሊሆኑ ይችላሉ።

ጠቅላላው 120 ቀን፣ ማለትም አራት ወር ያህል ነው። ዘይቱ ግን እስከ ስድስት ወር ሊቆይ ይችላል። በመሆኑም ፈቃዱን በአንድ ጊዜ ጨርሶ ለሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ምንም ሳያስቀሩ መቅረት አይመከርም። ለምሳሌ በወር 2,000 ሪያል የሚከፈለው ሠራተኛ ከመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና በኋላ 45 ቀን ቢያርፍ፣ ለመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት 2,000 ሪያል፣ ለቀጣዮቹ 15 ቀናት 750 ሪያል ያገኛል። ሐኪሙ ቀላል ሥራ ፈቅዶለት ቢመለስ፣ በሦስት አራተኛ ደመወዝ የሚከፈሉ 45 ቀናት ይቀሩታል። ዘይቱ በሚወጣበት ጊዜ 21 ቀን ቢያስፈልገው 1,050 ሪያል እየተከፈለው ያርፋል ማለት ነው።

በሕጉ አንቀጽ 82 መሠረት አሠሪው ይህ የሕመም ፈቃድ ጊዜ ሳያልቅ ሠራተኛውን በሕመሙ ምክንያት ማሰናበት አይችልም። ሠራተኛውም የሕመም ፈቃዱን ከዓመት ፈቃዱ ጋር እንዲያያዝለት መጠየቅ ይችላል።

የጤና መድንን በሚመለከት፣ ለግል ድርጅት ሠራተኞች ወጪውን የሚሸፍነው አሠሪው ነው። ዘይቱን የማውጣቱ ቀዶ ሕክምና እንደ አዲስ ሕመም እንዳይቆጠር፣ የመጀመሪያው ሕክምና ቀጣይ ክፍል መሆኑን ሐኪሙ በሪፖርቱ እንዲገልጽ ጠይቁ። የመድን ድርጅቱን ፈቃድም መድኑ ሊያበቃ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ሳይሆን አስቀድሞ ማስጠየቅ ይገባል።

7. ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ ከሆነ

በሥራ ላይ የደረሰ የዓይን ጉዳት ከተራ ሕመም የተለየ መብት ያስገኛል። በአንቀጽ 133 መሠረት አሠሪው ጉዳት የደረሰበትን ሠራተኛ የማሳከም ግዴታ አለበት። በአንቀጽ 137 መሠረትም ለጊዜው መሥራት ያልቻለ ሠራተኛ ለ60 ቀናት ሙሉ ደመወዙን፣ ከዚያ በኋላ በሕክምና ላይ እስካለ ድረስ 75 በመቶውን ያገኛል። ከላይ በምሳሌ የተጠቀሰው ሠራተኛ ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ ቢሆን ኖሮ፣ ለ45ቱ ቀናት ከ2,750 ሪያል ይልቅ 3,000 ሪያል ይደርሰው ነበር። በዕይታ ላይ ቋሚ ጉዳት ከቀረም የካሣ ጥያቄ ይከተላል።

ይህ መብት በተግባር እንዲውል ጉዳቱ በደረሰበት ዕለት መመዝገብ አለበት። ለኃላፊው በጽሑፍ ወይም በስልክ መልእክት ማሳወቅ፣ የምስክሮችን ስም መያዝ፣ በሆስፒታል የመጀመሪያው ካርድ ላይ «በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት» ተብሎ እንዲጻፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ካርዱ ላይ «ወድቆ ነው» ወይም «በቤቱ ነው» ተብሎ ከተጻፈ በኋላ ማስተካከሉ አስቸጋሪ ነው። አሠሪው ጉዳቱን «ታሚናት» ተብሎ ለሚታወቀው የማኅበራዊ መድን ድርጅት ማሳወቁንም ጠይቃችሁ አረጋግጡ።

8. የቤት ሠራተኞች

የቤት ሠራተኞች የሚተዳደሩት ከላይ በተጠቀሰው የሥራ ሕግ ሳይሆን ለእነርሱ በወጣ የተለየ ደንብ ነው። በደንቡም መሠረት በሕክምና ማስረጃ የተደገፈ የሕመም ፈቃድ የማግኘትና የመታከም መብት አላቸው። በቤት ውስጥ ለምትሠራ እኅታችን ትልቁ እንቅፋት ብዙውን ጊዜ ወደ ቀጠሮ የሚወስዳት ማጣት ነው። የቀጠሮ ወረቀቱን ፎቶ አንስታ ለቤተሰቧና ለኤምባሲው መላክ፣ ቀጠሮ ከተከለከለችም ሳትዘገይ ማሳወቅ ይኖርባታል። ለሕክምና ብሎ ከአሠሪ ቤት ጠፍቶ መውጣት ግን «ሁሩብ» የሚለውን ክስ ሊያስከትል ስለሚችል፣ አስቀድሞ ኤምባሲውን ማማከር ይሻላል። ሕይወትን ወይም አካልን የሚያሰጋ ሁኔታ ሲያጋጥም ግን ከሁሉም በፊት ራስን ማዳን ይቀድማል።

9. የሚያዙ ሰነዶችና ወደ አገር ቤት መመለስ

ዘይቱ ሳይወጣ ውላችሁ የሚያልቅ ከሆነ ሁለት መንገድ አለ፦ ሕክምናው እስኪጠናቀቅ ውሉን ወይም የመኖሪያ ፈቃዱን ማራዘም፤ ካልተቻለም ሙሉ ሰነድ ይዞ ተመልሶ ሕክምናውን በአገር ቤት መቀጠል። በኢትዮጵያ የሬቲና ሐኪሞች ጥቂት ስለሆኑና የሚበዙትም አዲስ አበባ ስለሚገኙ፣ ወደ ክልል ከማቅናት በፊት እንደ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ባለ የዓይን ሕክምና ማእከል መታየት ይበጃል። ከመመለስ በፊት የሚከተሉት በእጃችሁ መኖራቸውን አረጋግጡ፦
- ቀዶ ሕክምናው የተደረገበት ቀን፣ የትኛው ዓይን እንደሆነና የተሞላው ዘይት ዓይነት የተጻፈበት የቀዶ ሕክምና ሪፖርት፤
- የመጨረሻው የዓይን ግፊት ልኬትና የዕይታ ውጤት፤
- የመድኃኒቶች ስም፣ ቢያንስ ለአንድ ወር የሚበቃ መድኃኒትም፤
- ዘይቱ ሊወጣ የሚገባበት የተገመተ ጊዜ፤
- የጉዳት ሪፖርት፣ የሕመም ፈቃድ ወረቀቶችና የደመወዝ ማስረጃ።

ሪፖርቱ በዓረብኛ ብቻ ከሆነ በእንግሊዝኛም እንዲሰጥ ጠይቁ። ዋናውን ቅጂ ለአሠሪ አትስጡ፤ ፎቶውን በስልካችሁና በቤተሰባችሁ ዘንድ አስቀምጡ። ከአገር ከመውጣታችሁ በፊት «መብቴን ሁሉ ተቀብያለሁ» በሚል ወረቀት ላይ ሕክምናችሁና ካሣችሁ ሳይቋጭ አትፈርሙ። የሥራ ክርክር ጥያቄ የሥራ ግንኙነቱ ካበቃ በኋላ በ12 ወራት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ሊታገድ እንደሚችልም ልብ በሉ።

ቅሬታ ያለው ሠራተኛ የሳዑዲ ዓረቢያ የሰው ኃይልና ማኅበራዊ ልማት ሚኒስቴርን በነጻ የስልክ መስመር 19911 ማግኘት ይችላል። የኤምባሲው የሠራተኛ ጉዳይ ክፍልም ሰነዶቻችሁን ተመልክቶ ምክር ለመስጠትና ከአሠሪ ጋር ለመነጋገር ዝግጁ ነው። ዓይናችሁ ውስጥ ዘይት ካለ የሚቀጥለው ቀጠሯችሁ መቼ እንደሆነ ዛሬውኑ ተመልከቱ፤ ቀጠሮ ከሌላችሁም ዛሬውኑ ያዙ።

የሠራተኛ ጉዳይ ክፍል